እፍኝ ሣር

ሽምብጥ መውረጃው ላይ፣ ከጎሚስታው ጎን ነው የኔ ቆርቆሮ ቤት፤
አቶ ይኸነው ናቸው በጋሪ ያመጡት ያንን የዛገ ብረት።
«ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ደሞዜ ነው፣» አሉኝ፣
«ሃያ ሁለት ዓመት ሣር ሲያሳጭዱኝ ኖረው፣
ማረፊያው ሲዘጋ በብሩ ፈንታ ይህን አሸከሙኝ።»

አዞርኩት፣ አየሁት። አምስት ስለት አለው፣ እንደ ሹሩባ የተጠማዘዘ፤
ጥርሱ ከጥርሱ ጋር፣ ቂም እንደ ቋጠረ፣ ነክሶ የደነዘዘ።
የሠሪው ስም ጠፍቶ ሦስት ፊደል ቀርቷል፤
እነሱም የየት አገር እንደሆኑ ማን ያውቃል።

እኔ የምችለው የጋራዥ ቋንቋ ነው፦ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶና ሞላ።
ጣሊያን ጥሎት ሄደ ይላሉ። እንጃ።
እኔን ያስተማረኝ የአባቴ ኩርኩም ነው፣
«ካቻቢቴ አምጪ» ሲለኝ ሳቀብለው ሌላ።

ሦስት ቀን ሙሉ ናፍጣ አጠጣሁት።
ዝገት ችኩል አይወድም፤
በመዶሻ ሲመጡበት የቡሎን አንገት ይሰብራል እንጂ አይፈታም።
ሲለማመጡት ግን፣ አንድ ሌሊት፣ ሰው ሳይነካው፣
ቀጭ ይላል በጨለማ።
ያኮረፈ ሰውም መጀመሪያ የሚናገረው ለብቻው ነው።

በአራተኛው ጠዋት ኩሽኔታው ዞረ፤
ከማርሹ ጉድጓድ አሮጌ ሣር ወጣ፣ እንደ ትንባሆ ያረረ።
አቶ ይኸነው በሁለት ጣት አነሱት፣ አሸተቱት፣ ቆዩ።
«የሰኔ ነው፣» አሉኝ።
የየትኛው ዓመት ሰኔ እንደሆነ እሳቸው አልነገሩኝም፤
እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ሞላ ጎደለ። የጣቴን አንጓ የማታክል።
ገበያው ውስጥ የለም። ከባጃጅ ፍሬን የነቀልኩት ረዘመ፤ ቆረጥኩት፤ አጠረ፤
ረገምኩት፤ እሱም አኩርፎ ጠረጴዛ ስር ገብቶ ተሰወረ።
በመጨረሻው ማታ፣ እናቴ ስትተኛ፣
ከጃንጥላዋ እጀታ ውስጥ ልክ የሱን አገኘሁ።
ይህን ለማንም አልተናገርኩ።

ስለቱን ሞረድኩ። ከስሩ ካለው ቢላ ጋር በወረቀት ውፍረት አስማማሁ።
ጋዜጣ አጎረስኩት፤ ማስታወቂያ ነበር፦
«ለሐይቅ ቅርብ የሆነ፣ ካርታ ያለው ቦታ ይሸጣል።»
እኩል ለሁለት በላው፣ ካርታውን ወዲህ፣ ሐይቁን ወዲያ።
አረንጓዴ ቀለም ልቀባው ብል እምቢ አሉ፤
«ሽማግሌ ጺሙን ቢያጠቁር ማን ያምነዋል?»

ቅዳሜ ዕለት ወሰዱት።
የት ያጭዱበታል? የማረፊያው ግቢ ድንጋይ ተነጥፎበታል።
ከዘንባባው ስር፣ በአስፋልቱ ዳር፣ እየገፉት ሄዱ፤
ተክ ተክ ተክ ተክ፣ ስለቱ ነፋስ ያጭዳል።
አንድ ባለባጃጅ አንገቱን አውጥቶ፣
«አባቴ፣ ጣና ይውሰዱት፤ እዚያ ሣር ሞልቷል!»
ቆሙ። ወደ ውሃው ዞሩ፣ እንቦጩ ታንኳ አስሮ ወደያዘበት።
«ያ ሣር አይደለም፣» አሉት፤ «ሣር ሲያጭዱት ይመርቃል።»

በአሥረኛው ቀን መጡ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው።
ሂሳቤን አልጠየቁ፣ እኔም አልቆጠርኩት።
ከፈትኩ፦ እፍኝ ሣር፤
እርጥብ፣ እኩል የተከረከመ፣ አንዱ ካንዱ ያልበለጠ።
«ደጃፌ ላይ አልጋ የምታክል መሬት አለች፤
ሁለቴ ስመላለስ አለቀች።
ቀኝ ጎኑ ትንሽ ይጎትታል እንጂ ግሩም ነው።
ግድ የለም፣ ሰኔ ሲገባ ሣሩ ይበዛል፤
ያኔ ደህና አድርገን እናየዋለን።»

ሰኔ ሲገባ፣ አልኩ በሆዴ፣
እናቴም ጃንጥላዋን ትፈልጋለች።