አፈር ስሆን

አዘዞ፣ ከአስፋልቱ እጥፍ ብሎ፣
ጄኔሬተሩ ቀድሞኝ ደርሷል፣ ከነካርቶኑ በጋሪ ታዝሎ።
ወይዘሮ እታለማሁ ከደጅ ቆመው፣
«በል አስነሳልኝ» አሉ፣ «ሌላው ለነገ ነው።
ሦስት ቀን ጨለማ! የባለቤቴ መድኃኒት
ፍሪጅ ውስጥ ሞቀ፤ ስኳር በሽታ አያውቅም ሰንበት።»

«ይነሳል፣ እትዬ። ኧርዙ ግን ይቅደም።»
«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»
«መዳብ ነው፣ ይቀበራል፤ ከሰው ቁመት አይጎድልም።»
ዋጋውን ሲሰሙ አማተቡ፤ ትንሽ ዝም አሉ፤
«በዚህ ብር» አሉኝ፣ «ሰዎች ሙክት ገዝተው ይበላሉ፣
ጎረቤት ይጠራሉ።
አንተ ግን ገንዘቤን ልትቀብር ነው፣
ያውም ጓሮ፣ እንግዳ እንኳ ከማያየው።»

እውነት አላቸው። አምፖሉ ይታያል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፤
ይኼ ግን ከሠመረ፣ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ማንደፍሮ መዶሻውን አነሳ፤
ዘንጉ ክንድ ያህል ገባ፤ ቀሪውን መሬቱ ነሳ።
የጎንደር መሬት! ላዩ ሣር፣ ሥሩ ጥቁር ድንጋይ፣
ለነገሥታት ግንብ የሆነ፣ ለኔ ዘንግ አላስገባ ባይ።
ከአጥሩ ጥግ፣ እንቢ። ከጌሾው ሥር፣ እንቢ።
የማንደፍሮ መዳፍ ውኃ ቋጠረ።
በስተመጨረሻ፣ ከልብስ ማጠቢያው ወዲያ፣
የሳሙና ውኃ ዓመት ሙሉ ከሚደፋበት፣ ከጎመኑ መደብ መጀመሪያ፣
መሬቱ አፉን ከፈተ፤
ዘንጉን እንደ ጉርሻ ዋጠው፣ እስከ አንገቱ ከተተ።
ከሰል ደለደልን፣ ጨው ነሰነስን፣ ባልዲ ውኃ ደፋንበት፤
«ጨውስ ለምን?» አሉ።
«መሬትም አልጫ አይወድ፤ ይጣፍጥለት።»
ሳቁ። መለኪያው ከሠላሳ ወርዶ ስምንት ላይ ረጋ።
እኔን ግን ትዝ አለኝ ሌላ ጓሮ፣ ሌላ ክረምት፣ ያልነጋ።

ታናሽ ወንድሜ። እናቴ ቢያድግልኝ አለችው፤
አላደገላትም፤ አሥራ ስድስቱን ሳይደፍን ሸኘችው።
ቸቸላ፣ የሐምሌ ማታ፣ ዝናብ ያራሰው ነጠላ ጫማ፣
በአንድ እጁ ነዳጅ ይዞ፣ በሌላው የሞተሩን ብረት ነካ፣ በጨለማ።
የተላጠ ሽቦ ብረቱን ነክቶት ኖሮ፣
ኮረንቲው መሬት ናፈቀ፤ መንገድ ፈለገ ዞሮ ዞሮ፤
መንገዱ እሱ ሆነ።
ያን ሞተር የገጠመው እኔ ነኝ።
መዳቡን «ለነገ ነው» ያልኩት፣ እኔ ነኝ።

ሲመሽ አስነሳነው። ቤቱ በራ፣ ፍሪጁ አጉረመረመ።
የልጅ ልጃቸው ሮጦ መጣ፣ ከሚንቀጠቀጠው ብረት ፊት ቆመ፣
መዳፉን ለጠፈበት።
«አትንካ!» ጮኹ እትዬ፣ «አፈር ስሆንልህ፣ የኔ አባት!»
ልጁ ሳቀ፤ ይኮረኩራል አለ።
ዛሬ ሽቦው ጤነኛ ነው፤ መዳቡ ሥራ የለው፤
ሥራ ፈትቶ ይኑር።
ክፉ ቀን ከመጣ ግን፣ ከጎመኑ ሥር፣
የእትዬን ቃል ሰምቶ፣ እሳቸውን ተክቶ፣
ቀድሞ አፈር የሆነ አለ።

ሂሳብ ስንዘጋ፣ «መጋቢት ሲገባ» አልኳቸው፣ «መሬቱ ይደርቃል፤
በሳምንት አንድ ጣሳ ውኃ አፍስሱለት፤ ይበቃል።»
«ለማን?» አሉኝ።
ስም ልጠራ ነበር፤ ከአፌ ደረሰ፣ ተመለሰ።
«ለመዳቡ» አልኩ።