የበሩ ሆድ

ሻርጃ፣ ሰናይያ፣ በነሐሴ ቀትር፣
ጥላ ራሱ ጥላ ፈልጎ ሲዞር፣
ኸልፋን አሮጌ ሂኖ እየነዳ መጣ፣
ሃያ ስድስት ዓመት የባሕር ጨው ሲጠጣ
የኖረ፤ ከኮርፋካን ዓሣ በበረዶ
ሲጭን፣ በሩን ከሥር ዝገት በላው፣ ገዝግዞ፣ ንዶ።
ጣቴን ባስጠጋ ሰመጠ እስከ አንጓው፣
ቡኒ ዱቄት ሆኖ ረገፈ ላሜራው።

አለቃችን ፋሩቅ፣ ስልኩን ሳይነቅል ከጆሮው፣
«ስቱኮ ሙላበት፤ ቀለም ቀባና ሸኘው።»
ኸልፋን ግን ወደ ላይ፣ ወደ መስኮቱ ጠርዝ ጠቆመ፦
«እዚህ ጋ እንዳትነካ» አለና ዝም ብሎ ቆመ።
ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያበራል፣
የክርን ያህል ቦታ፣ እንደ ብርሌ ይጠራል፤
ያባቱ ክርን ነው፣ መስኮቱን ከፍቶ
ሃያ ዓመት የተደገፈው፣ ነድቶ፣ ነድቶ፣ ነድቶ።

መዶሻ አነሳሁ።
እኔ «ማርቴሎ» እላለሁ፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ የለመድኩት፣
ጉል ዘማን «ሃቶራ»፣ ፔሻዋር አባቱ ያስጨበጡት፣
ኸልፋን «ምጥራቃ» ይላል፤
ሦስት ስም ያለው ብረት አንድ ድምፅ ያወጣል።
ኪው ካለ ጤነኛ ነው። ዷ ካለ አለቀ።
ጠመኔዬ ሄደ፣ ድምፁን እየጠበቀ።
ለዓይን የታየኝ ቀዳዳ መዳፍ አይሞላም፤
የሰመርኩት መስመር ግን ክንድ አይበቃውም።

ፍሌክሱ ጮኸ። ብልጭታው ጫማዬ ላይ ዘነበ፤
የበሩ ሆድ ተከፈተ፣ ውስጡ የተሰበሰበ፦
የዓሣ ቅርፊት፣ አሸዋ፣ የሃምሳ ፊልስ ሳንቲም፣
የተስቢህ ፍሬ አሥራ ሦስት፣ ክሩ የለም።
ከሁሉም በታች ግን ሦስት ቀዳዳ ነበር፣
ፋብሪካው የበሳው፣ ውሃ እንዲወጣ ከበር፤
በጭቃ ተደፍኗል።
ከመስኮት የወረደው ውሃ መውጫ አጥቶ ኖሯል።
ለካ ከውጭ አይደለም። ያገራችን ሰው
ሲከፋው የሚለው፦ «ሆድ ይፍጀው፣ ሆድ ይፍጀው»፤
በሩም እንዲያ ብሎ፣ ቀለሙ እያበራ፣
ሆዱ ፈጀው፤ ሳይናገር፣ ሳያወራ።

ካርቶን ቆረጥኩና ልኩን ወሰድኩለት፣
ከካርቶን ወደ ላሜራ፣ አንድ ሚሊ ውፍረት።
ጠርዙን አጠፍኩት፣ በሞርሳ ነክሼ፣
ማስኬን ዘቅዝቄ፣ ጨለማ ለብሼ
ፑንቶ መታሁ። አንድ እዚህ፤ አንድ እዚያ ጥግ፤ አንድ መሃል።
ተርታውን ከሄዱበት ላሜራ ይኮራመታል፣
ይቆጣል። ስለዚህ ነካ፣ ተው፣ ጠብቅ፣
እጅ እስኪያስችለው፤ ነካ፤ ደግሞ ራቅ።
ጉል ዘማን በእርጥብ ጨርቅ ይከተለኛል፣
ጭስስ ባለ ቁጥር «ባስ፣ ባስ» ይለኛል።
«ብረት ቂም ይይዛል» ይሉ ነበር ጋሽ ይመኑ፣
«ያናደድከውን ቀን፣ በዓመቱ፣ ይከፍልሃል በቀኑ።»

ፋሩቅ ሰዓቱን አየ፣ ምላሱን መታ።
እኔ ትራፓኖ አነሳሁ፣ ቁጥር ስምንት፣ ወደ ማታ፤
ሦስቱን ቀዳዳ እንደገና በሳሁ፣
ጣቴን ሰድጄ ጥርት ማለታቸውን አየሁ።
ከዚያ ስስ ስቱኮ፣ ፀረ ዝገት ሁለት እጅ፣ ቀለም።
አዲሱ ሰማያዊ ከነባሩ አልተስማማም፤
ይለያል፣ ካኪ ሱሪ ላይ እንደተጣፈ ሸማ።
(ፋሩቅ ይሄን ሲያይ ያለውን እኔ ብቻ ልስማ።)
የተስቢሁን ፍሬ ቆጥሬ ሰጠሁት፤
ኸልፋን «አሥራ ሦስት» አለ። ሌላ ቃል አልሰማሁት።

ሌሊት፣ ተደራራቢው አልጋ ላይ፣ ዓይኔ አሸዋ እንደገባ
ሲቆጠቁጥ፣ ይማም ድምፅ ልኳል፦ «ሰላም ነህ ወይ፣ አባ?»
ሁልጊዜ የምልክለት አንድ ነው፦ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና»።
ዛሬ ግን ያችን የስልክ ምልክት ተጭኜ ያዝኳትና
«ይማም፣ ሦስት ወር ሆነኝ ደሞዝ ካየሁ» አልኩት።
ጣቴን አነሳሁ። ሄደ። አልመለስኩት።

ጠዋት ኸልፋን መኪናውን አጠበ፣ በጎማ፣ ከላይ፤
እኔ በሩ ሥር ጎንበስ አልኩ፣ የሚሆነውን ላይ።
ጠብ።
ጠብ… ጠብ።
አሸዋው፣ ሦስት ቦታ፣ እርጥብ።