ነጥብ ሁለት

ሚያዝያ እኩሌታ፣ የአዳማ ፀሐይ
ቆርቆሮውን ሲያግል ከክፍላችን በላይ፣
ሰባ ሁለት ልጆች፣ ለአንድ ዴስክ አራት፣
ከመጋረጃው ጋር ታግለን ስንዘጋባት
(መጋረጃ ያልኩት የአልጋ ልብሴ ነው፣
በሁለት ሚስማር መስኮት ላይ የሰቀልነው)
ፕሮጀክተሩ በራና ግድግዳው ሰማይ ሆነ፤
ከውቅያኖስ ማዶ ደመና እየበነነ።

«ይሄ ከሳተላይት ነው፤ ፎቶው የዛሬ ጧት።
ይሄ ደግሞ እኛ ነን» አልኩ፣ ጣቴን ሰድጄበት።
«የታለን ቲቸር?» አለ ሂርጳ ከኋላ፤
ጣቴን ሳነሣው ከተማው የለም፤ ሌላ
ቡኒ መስመር ብቻ፣ ልስኑ የተላጠው፤
ስምጥ ሸለቆን ከግድግዳ ስንጥቅ ማን ይለየው?

ታብሌቱን ከፍቼ ትንበያውን አነበብኩ፦
«አዳማ። ሠላሳ አንድ ዲግሪ። ነፋሻማ።
ስልሳ በመቶ ዝናብ፤ ምናልባት በጨለማ።»

ዝም። ከዚያ የኦብሴ እጅ ተነሣ ከፊት፣
ከክፍሉ ትንሿ፣ ዩኒፎርሟ የእህት፣
እጅጌው ሁለቴ ታጥፎም የሚተርፋት።
«ቲቸር፣ ስልሳ በመቶው ከኛ ነው የሚመታው?
ማን ይበሰብሳል? ማንስ ነው የሚተርፈው?»

መልስ ነበረኝ፣ ከመምህሩ መምሪያ፣
ስለ ዕድል የሚል፣ ስለ መለኪያ፤
አፌን ሳልከፍት ናፍያድ ሒሳቡን ሠርቶ፣
«አርባ ሦስት ነጥብ ሁለት!» አለ አፉን ሞልቶ።
«አርባ ሦስቱስ እሺ፣ ነጥብ ሁለቱ ማነው?»
ሳቅ ክፍሉን አናጋው። የኔም ሳቅ መጣ።
ያኔ መብራት ጠፋ፤ ሰማዩ ከግድግዳው ወጣ።

አልጋ ልብሱን ገለጥኩ። ኮረብታው ላይ፣ በሩቁ፣
ተርባይኖቹ ይዞራሉ፣ ነጫጮቹ፣ ሳይታክቱ።
«ነፋሱ አለ ቲቸር፤ መብራቱ የት ሄደ?»
ሂርጳ ነው የጠየቀው። ጥያቄው አልከበደ፣
መልሱ ነው የጠፋኝ። «ነገ» አልኩት።
(መምህር የሚበደረው ሁሌም ከነገ ነው።)

ሜዳው ላይ ወጣን። የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠን፣
ማስመሪያ በፕላስተር ጎኑ ላይ ለጥፈን፣
ነፋስ እንዳይጥለው ሦስት ድንጋይ ደግፈን፣
«የቤት ሥራ» አልኩ፣ «ደብተር አይጠይቅም፤
ሲዘንብ የት እንደነበራችሁ አትርሱ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ማታ ዘነበ። አልዘነበም። ሁለቱም እውነት ነው፤
ገንደ ጋራ ጎርፍ ነው፣ ቦኩ ጠብታ የለው።
እኔ ደምበላ ነኝ፤ አፍንጫዬ ሰማ
የራሰ አቧራ ሽታ፤ ጣሪያዬ ግን አልሰማ።

ጧት ጠርሙሱ ባዶ፤ ግርጌው ላይ አንድ ጉንዳን።
መብራት መጥቷል። የከተማውን ካርታ ዘረጋን።
«ማን ረጠበ?» ስላቸው እጁ ጥቅጥቅ አለ፤
ቆጠርን፤ ደገምን፤ አንዱ ዋሽቶ ስለነበረ።
ሃያ ዘጠኝ ሆነ፤ ትንበያው ያላለው።
ናፍያድ ተናደደ፤ ሒሳቡ ነው የቆሰለው።

ያኔ ኦብሴ ቆመች፣ ያንን እጅጌ ይዛ፣
ጫፉ ገና እርጥብ ነው፣ ጭቃም አለው።
«እኔና ወንድሜ በአንድ ጃንጥላ ነበርን፤
ዝናቡ ያገኘኝ ይሄን ክንዴን፣ ይሄን ብቻ ነው።»
ወደ ክፍሉ ዞረች፤ አንድ በአንድ አየች፤
«ነጥብ ሁለት እኔ ነኝ» አለች፤ ተቀመጠች።

የሳቀ አልነበረም።

ታብሌቱ ላይ ጻፍኩ፦ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።
ሣጥኑ ቀላ። «ሙሉ ቁጥር ብቻ» አለ።
ደገምኩ። ቀላ። ሦስተኛም ሞከርኩና ዘጋሁት፤
ጠመኔ አነሣሁ፣ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፍኩት፣
«ይቺን እንዳትነካ» ብዬ ለተረኛው ነገርኩት።

እስከ ሰኔ ቆየች።
የሂርጳ ነገ ግን እስካሁን አልደረሰም፤ ዕዳ አለብኝ።
ሱፐርቫይዘሩ መጣ፤ ሰሌዳውን አየ፤
መነጽሩን ወልውሎ እንደገና አየ፤
«ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት… ዲግሪ ነው?» አለኝ፣
የክፍሉ ሙቀት መስሎት።

ከፊት ዴስክ አንድ ሰፊ እጅጌ ተነሣ።