የሚዛን ማታ

ካርታው ጠርዙ እየተጠቀለለ አልተኛ አለን፤
ባንዱ ጥግ የጨው ዕቃ፣ ባንዱ ቢላ ጫንን።
የቀረውን ኢቮን በክርኑ ደገፈ፤
ጣቱ ከመንደራችን ተነሣ፣ ረግረጉን አለፈ፣
ከእሳተ ገሞራው አፍ፣ ከጠርዙ ደርሶ ዐረፈ።

«አኒያክቻክ» አለ። ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤
ትልቅ ሰው የተኛበት ቤት የገባ ይመስላል።

መንገድ የለም እዚያ፤ ድልድይ የለ፣ ምልክት።
«አምና ስንት ሰው ሄደ?» ብላት
የፓርኩ ጸሐፊ ስልኩ ላይ ዝም አለች፣
ለካስ በጣቶቿ እየቆጠረች።

አብራሪው የፈቀደው ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ነው፣
እኛን ጨምሮ። ሳልሞን በምንመዝንበት ሚዛን ሁሉን ሰቀልነው፤
የላስቲክ ጀልባውን፣ ድንኳኑን፣ የድብ ማገጃ ሽቦውን፣
ሩዙን፣ ሻዩን፣ የደረቀ ዓሣውን፣ መቅዘፊያውን።
ኢቮንን የሚችል መንጠቆ ግን አልተገኘም፤
የዛሬ አምስት ዓመት ክብደቱን ነገረኝ፤ አልተከራከርኩትም።

በዘጠኝ ኪሎ በለጥን።
መጽሐፌን አወጣሁ፤ እሱ ትርፍ ጫማውን።
የጥርስ ብሩሼን እጀታ በመጋዝ ቆረጥኩ። ሳቀብኝ፣ ሳቀብኝ፣
ከዚያ ሄዶ የራሱን አምጥቶ «ቁረጪው» አለኝ።

አኩሊና ገባች፣ ጎረቤት፣ ሰማንያ ያለፋት፤
ክምሩን አየችና ሳቋ መጣባት።
«ቀንስ ቆርጣችኋል፤ ተራራውስ ቆርጧል?
ባሌ ለሦስት ቀን ብሎ ከዚህ ተላጭቶ ወጥቷል፤
ደመናው በገደሉ ጠርዝ እንደ ፈላ ወተት ገንፍሎ
ዐሥራ አንድ ቀን ዘግቶት መጣ፣ የሌላ ሰው ጺም አብቅሎ።»

በመጨረሻ ቅጹ ቀረ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የድንኳኑ ቀለም፤
ከታች «ባትመለሱ ለማን እንንገር?» ይላል፤ ሌላ ጥያቄ የለም።
እኔ የአኩሊናን ቁጥር ከግድግዳው ቀዳሁ።
ኢቮን ወረቀቱን ሳበ፤ ጎንበስ ሲል አየሁ፤
ስልኩን ሳይከፍት፣ ሳያመነታ፣ እስክሪብቶው ሳይነቀል
የፌክላን ቁጥር ጻፈ፣ ሁሉንም አሃዝ በቃል።

ከሄደች አራት ክረምት ነው።
የፍቺው ወረቀት ሲመጣ ምድጃ ውስጥ የከተተው
እሱ ራሱ ነው።

ጨዉን አነሣሁ፤ ቢላውን አነሣሁ፤
ካርታው ራሱን ጠቀለለ። ምንም ሳልል ተነሣሁ።
ትርፉ ዘጠኝ ኪሎ ነው ብለን ነበር።

ውጭ ነፋሱ ከቤሪንግ ባሕር ይነፍሳል፤
ነገ ይጠራ ይሆናል።
«መቅዘፊያዎቹን አሰርሻቸው?» አለ ከጓዳ።
«አዎ» አልኩት።
ገና ነበር። ገመዱን በጨለማ ፈለግኩት።