ሌሊት በሎፎተን

ኦድቫር ሌሊት መጣ፣ ድመቱን በሹራብ ጠቅልሎ፣
«ለጉልበቴ የሰጠሽኝን ነጭ ክኒን ስጪያት» ብሎ።
«በስሜ ጻፊው፤ ማን ያያል? ባሕሩ ተቆጥቶ፣
ጀልባው ወደብ ታስሮ፣ የእንስሳ ሐኪም ከየት መጥቶ?»

ብዕሬን አነሣሁ። አስቀመጥኩት።
«ላንተ እፎይታ፣ ለሷ መርዝ ናት» አልኩት።
የሰው ጉበት ነው የማውቀው፤ የሷን ማን አስተማረኝ?
ለሃልቫርድ ደወልኩ፤ እየሳለ ነገረኝ፦
«አሙቋት፤ ውኃ በጠብታ፤ ሌላ እንዳትሰጧት፣ አደራ!»
ጋውኔን ሰቅዬ፣ ጎረቤት ብቻ ሆኜ፣ ከኦድቫር ጋራ
ምድጃው ዳር አቅፌያት አደርኩ፣
ትንፋሿን እየቆጠርኩ።

ነፋሱ ሲበርድ፣ ጠዋት፣ ሃልቫርድ በጀልባ ደረሰ፤
መርፌውን ወጋት፤ ጭራዋ ተላወሰ።
ከዚያ ሳል አንቆት፣ ጠጋ ብሎኝ በሹክሹክታ፣
«ደረቴን አድምጪልኝ፣ ኦድቫር ሳይሰማ፣ ላንዳፍታ፤
ይሄን ሳምንት የዋጥኩት፣
በጥጃ ስም ነው ያዘዝኩት።»