ዘርዝር

ጌንት ከተማ፣ ከቦዩ ማዶ፣ ከደረጃችን ሥር፣
ከድንቹ ከረጢት ጎን፣ ካነከሰው ብስክሌት ዳር፣
አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ያቃስታል፤
በአሥራ አምስት ዩሮ ገዛሁት፣ ክዳኑ ተሰንጥቋል።
ሰርቨር ነው አሉኝ፤ ትርጉሙ አገልጋይ ነው፤
አገልጋይ ካገኘሁ፣ አልኩ፣ ከእንግዲህ ጌታ እኔው!
ምን ዋጋ አለው፤
የተናገሩትን እንጂ ያሰቡትን የማይሰማ አሽከር ነው።

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት መዝገብ፤
ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ለማን ሐዘን ወጣ ስንት ገንዘብ።
በስብሰባ ተነሥቼ «ወረቀት ይብቃን፣
በገዛ ቤታችን ይቀመጥ፣ በሰው ደመና ምን ሰቀለን?» አልኩ፤
ተጨበጨበልኝ፤ ደረቴን ነፋሁ፤ ተቀመጥኩ።
እትዬ ዘርፌሽዋል ብቻ ደብተራቸውን ታቅፈው፣
«እኔስ በእስክሪብቶዬ እቀጥላለሁ» አሉ፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው።
ሳቅን። እኔ አብልጬ ሳቅኩ።

ሊቨ ከላይኛው ፎቅ ናት። ሰባ አንድ ዓመቷ፤
ማተሚያ ቤት ፊደል ስትለቅም አለቀ ወጣትነቷ።
እሷ ናት ሽቦውን የሰካችው፣ ጥቁሩን መስኮት ያስከፈተችኝ፣
«እዚህ ማውዝ የለም፣ ሥዕል የለም፣ በቃል ነው» ያለችኝ።
አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፤
«በል እንጂ» የምትል ይመስል፣ ትጠብቃለች።
ግባን አስተማረችኝ፣ ውጣን፣ የት ነኝ ብሎ መጠየቅ፤
ቅዳንም፤ ሲቀዱት የማይጎድል፣ ጠላ ቢሆን ምንኛ ድንቅ!

እሷ ኦስተንድ፣ እህቷ ዘንድ በሄደችበት እሑድ፣
ብቻዬን ተቀመጥኩ፣ ትርፍ ትርፉን ላስወግድ።
ሰርዝ መዝገብ አሮጌ፤ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤
እንደ ሰው ያነበዋል መስሎኝ፣ ቁልፉን ተጫንኩ።
እሱ ግን ሁለት ስም አየ፤ በክፍተቱ ለያየው፤
መዝገብን ሰረዘ። አሮጌን ፈልጎ «የለም» አለ፤ መልሱ ይኸው ነው።
አሥራ አንድ ዓመት። ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ።
ማራገቢያው ምንም እንዳልሆነ ነፈሰ።

ማክሰኞ ማታ ሊቨ ሰማች። አልሳቀችም።
ከመሳቢያዋ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ
ፊደል የሌለበት ቀጭን እርሳስ፤ ክብደቱ ገረመኝ።
«ባዶ ቦታ ማለት ይሄ ነው። በእኛ ጊዜ በእጅ ይለቀም ነበር፤
ባዶ መሰለህ እንጂ ይመዝናል፤ ቃልን ከቃል የሚለይ ድንበር።»
እርሳስ። ያልጻፈ እርሳስ። ጨብጬው ቆየሁ፤
ፊደል የቆጠርኩበትን ገጽ በልቤ አየሁ፦
በቃልና በቃል መሃል ሁለት ነጥብ፣ ጥንድ ዘበኛ፣
አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ፣ ሌሊቱን የማይተኛ።
እኛው አሰናበትናቸው፣ ለጥድፊያችን ብለን፤
ይኸው ባልተዘጋው በር ስንቱ ሾልኮ ቀረብን።

ሊቨ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ አስጻፈችኝ፦
ከመሰረዝህ በፊት ዘርዝር። ሦስት ቦታም ቅዳ አለችኝ።
ዘርዝር፣ ሰርዝ፤ በአማርኛ ስላቸው መንትያ ሊሆኑ ምን ቀራቸው፤
የቸኮለ እጅ ነው ታላቅና ታናሹን የሚያጋጫቸው።

እትዬ ዘርፌሽዋል ደብተሩን በፌስታል ይዘው መጡ፤
ምንም አላሉም፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።
እሳቸው ሲያነቡ፣ እኔ ስጽፍ፣ አራት ቅዳሜ አለፈ፤
የአንዱ ዓመት ጳጉሜ ብቻ ሻይ ፈስሶበት ጎደፈ።
አቶ ድልነሳው «ያኔ ከፍያለሁ» ይላሉ።
እሺ፤ ከፍለዋል ብለን ጻፍን።

ዛሬ ከጎኔ ፕላመን ተቀምጧል፣ ቡልጋሪያዊው ጣሪያ ሠሪ፤
የልጁን የሰርግ ፎቶ ሊያስቀምጥ፣ እንደኔው ጀማሪ።
ሬንጅ የነካው ጣቱ ከቁልፉ በላይ ተንሳፏል፤
አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰረዟን ያያል።
እርሳሷ ኪሴ ውስጥ ናት።
«ቆይ» አልኩት። «አስቀድመህ ዘርዝር።»
ስሞቹ አንድ በአንድ ወረዱ፣ መስኮቱን ሞሉት፤
ከመካከላቸው አንዱን ሲያይ
ጣቱን አነሣ።