ትከሻ ላይ የቀረ እጅ

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣
ማተሚያዬን ልዘጋ ስል፣ ሦስት ሰው ገባ።
አንዱ ፍላሽ ይዟል፣ ሁለተኛው ደረሰኝ፣
ሦስተኛው ወንበር ስቦ "ውሃ አለህ?" አለኝ።
የለም። ቧንቧው ከደረቀ አሥራ አንድ ቀን ሆነ።

"ያን ፖስተር ክፈተው፤ ትንሽ ለውጥ አለ፣
ፓርቲው ሌላ ምክትል ሰይሞልን ዋለ።"

ከፈትኩት፤ ሁለት ሺህ ኮፒ የታዘዘ።
ግራ ላይ ጉርሜሳ፣ መሰላሉን የያዘ፣
ቀኝ ላይ ሌሊሴ፣ ሹራቧን እንደለበሰች፣
እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ትስቃለች።

ከቦኩ ተራራ ጎርፍ የወረደ ለት፣
የጎረቤቴን ልጅ ከጭቃው ያወጣት፣
ያ እጅ ነው፤ የመምህር፣ ጠመኔ ያለበት።
የትኛው ሰፈር ቧንቧ ስንት ቀን እንደከዳ፣
በካሬ ደብተር ጽፋ ታውቃለች፣ በየጓዳ።
ከገንደ ሀራ ፍራንኮ ጫማዋን ጨረሰች፣
ሌላ በዱቤ ገዛች፣ ዕዳው ላይ እስካሁን አለች።

"እሷን አጥፋት" አለኝ ባለፍላሹ ሰውዬ፣
"በእሷ ቦታ ይሄን።" አየሁት፤ "እንዴ!" ብዬ፤
ፊቱን አውቀዋለሁ!
አቶ መርዕድ ካሱ። ባለፈው ምርጫ ስር
ፎልደሬ ውስጥ አለ፤ ያኔ ምልክቱ ጃንጥላ ነበር።
አረንጓዴ ከረባት፣ ያው ፈገግታ፣ ያው ጥርስ፣
"መሰላል የሚይዝ የሰው ጣሪያ ሊያፈርስ!"
የሚለውን መፈክር እኔው ነኝ ያተምኩለት።
ሂሳቡን በጊዜ ከፍሏል፤ ይህንን አልዋሽም።
ዛሬ መደቡን ቀየርኩ፤ ጥርሱ አልተቀየረም።

"ከተማውን ያውቃል?" አልኩኝ፣ እንደ ዘበት።
"ሆቴል አለው" አሉኝ፤ "ባለ አምስት ፎቅ ቤት፤
ነዳጁን ይችለናል። እሷ ግን ምን አላት?
ደብተርና ጩኸት።"

አባቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ የጂቡቲ መስመር ሹፌር፣
ከአዳማ ሳይነሳ አንድ ልማድ ነበረው ዘወትር፤
ትርፍ ጎማውን በብረት መትቶ ጆሮውን ያስጠጋል።
"ልጄ፣ የፊቱን ጎማ መንገዱ ይፈትነዋል፣
ትርፉን እኔ ካልመታሁት ማን ያውቀዋል?
አዋሽን ተሻግሬ፣ ሌሊት፣ በረሃ ላይ፣
የማወርደው እሱን ነው፤ ያኔ ባዶ ቢሆን፣ ማን አለኝ ከሰማይ?"

ምክትል ማለት ይህ ነው፤ ተሰቅሎ የሚጓዝ፣
የፊቱ እስኪፈነዳ መንገዱን የማይይዝ።
እናንተ ግን፣ ወንድሞቼ፣ ስትመርጡ ያያችሁት
ሽፋኑን ነው፤ አየሩን አልለካችሁት።

ይህን ሁሉ ተናገርኩ እንዴ? የለም።
አራት ሺህ ብር ቀብድ ኪሴ ገብቷል።
የሱቁ ኪራይ ደርሷል።
ያልነገርኳችሁ ደግሞ፣ ውሃ የጠየቀኝ
ሦስተኛው ሰው ራሱ ጉርሜሳ ነው።
እስክሪኑን አያይም። ወለሉን ነው የሚያየው።

ፀጉሯን ሰረዝኩ፤ አንገቷን፤ ሳቋ መጨረሻ ቀረ፣
በጉንጯ ቦታ የሱ ጉንጭ ገባ፤ ምንም አልተሰበረ።
እጇ ጋ ስደርስ ግን
ከጣቶቿ በታች የጉርሜሳ ኮት የለም፤
ባጠፋው ትከሻው አብሮ ይቆረጣል።
"ምን ይሻላል?" አልኩ።
ባለፍላሹ ሰዓቱን አየ።
ጉርሜሳ በቀስታ "ተወው" አለኝ። "ይቆይ።"

ሐሙስ ጠዋት ተሰቀለ፣ ከአደባባዩ ፊት።
የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፤
አቧራውን ጭኖ መጣና በመርዕድ በኩል ያለውን
ገመድ በጥሶ ሸራውን ወደ ኋላ አጠፈው።
አንድ ፊት ቀረ። አንድ እጅ።
የባጃጅ ልጆች ከታች "የማን እጅ ነው?" ይላሉ፣
"የሚስቱ ነው" ይላል አንዱ፤ ሌሎቹ ይስቃሉ።

ሌሊሴ ከሰዓት በሱቄ በር መጣች፣
ደብተሯን ገልጣ፣ እስክሪብቶዋን አፏ ላይ ነክሳ።
"እዚህ ስንት ቀን ሆነው?"
"አሥራ ሦስት" አልኳት።
ጻፈች።
ስለ ፖስተሩ አልጠየቀችኝም።